ላባው ለምን ይለቃል? በአሉሚኒየም ፍላጻ ላይ ላባ ስለ መለጠፍ የተካሄደ ውይይት

የውይይቱን ክር የከፈተው ጎንደር የሚኖር ቀስተኛ ነው። 1816 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም ፍላጻዎች አሉት፤ በሱፐር ግሉ የለጠፈው ላባ ሰኔ ከገባ ወዲህ እየረገፈ አስቸግሮታል። አጻጻፉ ግን ከጥያቄ ይልቅ ወደ ፍርድ ያደላል፦ ገበያ ላይ ያለው ሱፐር ግሉ ሁሉ የማይረባ ስለሆነ፣ የሚይዝ ኮላ የት እንደሚገኝ ንገሩኝ ነው የሚለው። ዘንጉን በምን እንዳጸዳው፣ ላባውን እንዴት እንዳዘጋጀው፣ የረገፈው ላባ ሥር ላይ ምን እንደቀረ አንድም ቃል አልጻፈም። ውይይቱ የረዘመው እነዚህ ሦስት ነገሮች ስላልተነገሩ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መልሶቹን በቁጥራቸው ስተርክ ሥሩን የነኩትን ሰፋ አድርጌ፣ የቀሩትን ባጭሩ አልፋለሁ።

መልስ 1 በጨዋ ሰላምታ ይጀምርና ቁጥሩን ይፈታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የዘንጉን ውፍረት በ64ኛ ኢንች፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ የግድግዳውን ውፍረት በሺህኛ ኢንች ያሳያሉ። ስለዚህ 1816 ውጫዊ ስፋቱ 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ነው። 2016 ቢሆን ስፋቱ ወደ 7.9 ሚሊ ሜትር ይጠጋ ነበር። ዘንጉ በቀጠነ ቁጥር የላባው ሥር የሚያርፍበት ቦታ ይጠባል፤ ክላምፑ፣ ማለትም ኮላው እስኪደርቅ ላባውን ጨብጦ የሚይዘው መሣሪያ፣ ላባውን በብዛት የሚያጣምም ከሆነ ደግሞ የሥሩ ሁለት ጫፎች ከዘንጉ ይነሣሉ። መላሹ ጠያቂው የትኛውን ክላምፕ እንደሚጠቀም ጠይቆ አበቃ። ጥያቄው ቆይቶ ነው መልስ ያገኘው።

መልስ 2 ሁለት መስመር ነው፦ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ እያለ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያደርጋል የሚል።

መልስ 3 ማስቲሽን በትሕትና ግን በማያሻማ ቋንቋ ውድቅ ያደርጋል። ማስቲሽ ከደረቀ በኋላም ይለጠጣል፤ ጫማ ስለሚተጣጠፍ ይህ ለጫማ በጎ ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ የአሉሚኒየም ዘንግ ሲግል ግን ላባው ቀስ በቀስ ከመስመሩ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ማስቲሽ ሁለቱ ፊቶች እንደተነካኩ ስለሚይዝ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ይኸው መላሽ አናጺዎች የሚጠቀሙበትን ቪናቪልም አንሥቷል። ቪናቪል የሚደርቀው ውሃውን ለእንጨቱ እየሰጠ ነው፤ ለቀርከሃ ፍላጻ ደህና ይሠራል። አሉሚኒየም ግን ውሃ አይመጥም፣ የደረቀው ቪናቪልም እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ይላላል። ለጎንደር ክረምት የሚሆን አይደለም።

የክሩ ምሰሶ መልስ 4 ነው። ኮላውን ከመውቀስ በፊት የረገፈውን ላባ ገልብጦ ማየት ይቀድማል ይላል። ኮላው ከላባው ሥር ጋር ሄዶ ዘንጉ ጠርቶ ከቀረ፣ ጥፋቱ የዘንጉ ጽዳት ላይ ነው፤ ኮላው የጨበጠው አሉሚኒየሙን ሳይሆን ከላዩ የነበረውን ስስ ቅባት ነው። ኮላው መስመር ሠርቶ ዘንጉ ላይ ከቀረና ላባው ብቻውን ከተነሣ፣ ችግሩ የላባው ሥር ነው፦ ከተፋቀ በኋላ አቧራው አልተጠረገም፣ ወይም በግንዱ ውስጥ ያለው ነጭ ስፖንጅማ ክፍል ወፍራም ሆኖ ቀርቶ ኮላውን ጠጥቶታል። ኮላው ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ በሁለቱም ፊት ከታየ ደግሞ፣ ወይ በዝቷል ወይ ሳይጠና ተነክቷል። መላሹ በዚህ አላበቃም፤ መላቀቁ ከየት እንደጀመረም ይታይ ይላል። ከፊተኛው ጫፍ ከጀመረ ላባው ከዒላማው ወይም ከእጅ ጋር እየተፋተገ ነው። ከመሐል ከጀመረ ሥሩ ቀጥ ብሎ አልተፋቀም፣ ከሥሩ አየር አለ። ይህን አንድ መልስ ብቻ አንብቦ የሄደ ሰው ከክሩ ግማሹን ይዞ ሄዷል ብዬ አምናለሁ። ማንኛውም ኮላ ስም ከመጠራቱ በፊት ይህ ምርመራ መደረግ አለበት።

መልስ 5 ላይ ጠያቂው ተመልሶ ያየውን ጻፈ። በረገፉት ላባዎች ሁሉ ሥር የሚያንጸባርቅ ስስ የኮላ ቅርፊት ተለጥፏል፤ ዘንጉ ላይ ምንም የለም። ያጸዳው በእጅ ሳኒታይዘር ነው፤ መድረቁንም በጣቱ እየዳሰሰ ነው ያረጋገጠው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። መልስ 6 እንዳብራራው ሳኒታይዘር ውስጥ እጅን እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል፤ አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ እዚያው ዘንጉ ላይ ይቀራል። ጣት ደግሞ የራሱን ቅባት ይጨምርበታል። ከዚያ መላሹ ከተማው ውስጥ እጅ የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ በየተራ መዘነ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙውን ጊዜ ዘይት ይጨመርበታል፤ አሴቶን የሌለበትም አለ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ቅባትን በደንብ አይፈታም፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ከተገኘ ግን ለመጨረሻው መጥረግ ይሆናል። ቤንዚን ቅባት እየፈታ የራሱን ዝቃጭ ይተዋል፤ ናፍጣ ጭራሽ አይታሰብም። የቀለም ቀቢዎች አኳራጅ እንደ ናፍጣው ቅባታማ ቅሪት አለው። የመኪና ቀለም የሚቀጠንበት ቲነር ንጹሕ ከሆነ ይሠራል፣ ከሁሉም የሚመረጠው ግን ያልተበረዘ አሴቶን ነው።

አጠራረጉንም አሳምሮ ገልጾታል። ሽታም ቅባትም የሌለው ነጭ ሶፍት ይታጠፋል፣ በአሴቶን ይርሳል፣ ከዚያ ላባው የሚያርፍበት ክፍል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠረጋል። ወዲያና ወዲህ ማሸት ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አያነሣውም። ሶፍቱ ግራጫ ሆኖ ከወጣ በአዲስ ይቀየራል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። አሴቶን ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ ኖኩን፣ ማለትም አውታሩ የሚገባበትን የፕላስቲክ ጭራ፣ እንዳይነካው ያስፈልጋል። ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከከሰል ምድጃና ከማንኛውም እሳት ርቆ ይሁን፤ የአሴቶን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ሊያገኝ ይችላል። ከተጠረገ በኋላ ዘንጉ የሚያዘው ከፊት በኩል ነው፤ ላባው የሚለጠፍበት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍል በባዶ እጅ አይነካም።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ከረረ። መልስ 7 ይህ ሁሉ የኬሚካል ዓይነት ለምን፣ በአመድ ፈትጎ በበረኪና ማለቅለቅ ይበቃል አለ።

መልስ 8 ያለ ምንም ማለሳለሻ ስሕተት ነው ብሎ ተነሣ። ፍላጻ ላይ ያለው አሉሚኒየም ባለቀለም ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን ተሰጥቶታል። ይህን ሽፋን የሚያሟሟው እንደ አመድ ውሃ ያለ ነገር ነው። በረኪናም እንዲሁ ይበላዋል፣ ክሎሪኑ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓድ እየቆፈረ ይገባል። ከላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ኮላው ግን የሚይዘው ያንን ዱቄት ነው፣ ዱቄቱ ሲነሣ ላባውም ይነሣል። መላሹ ሳያውቁ መምከር የሰው ዕቃ ያበላሻል የሚል ቃል ጨመረበት። ይህኛው ባይጻፍ ይሻል ነበር፤ ኬሚስትሪው ብቻውን በቂ ነበርና።

መልስ 9 ከ7ኛው ሰው ነው፣ ተቆጥቷል። በጎንደር ቤቶች ድስት በአመድ እየተፈተገ ስንት ዘመን እንደኖረ ጠቅሶ፣ ሰውን ከማዋረድ በፊት ማዳመጥ ይቀድማል ብሏል።

መልስ 10 መሐል ገብቶ ያስታረቀ ነው፤ አንድም ነጥብ ግን ለሽምግልና ሲል አልለቀቀም። ጌታዬ ብሎ ጀምሮ፣ የመፈተጉ ሐሳብ ትክክል መሆኑን፣ የተሳሳተው የሚፈተግበት ነገር ብቻ መሆኑን አስረዳ። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲፈተግ የሚያበራው የላይኛው ፊቱ እየተበላ አዲስ ስለሚወጣ ነው፤ የድስት ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፣ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለፍላጻ የሚሆነው በረኪና የሌለበት የመታጠቢያ ገንዳ ማጽጃ ዱቄት ነው። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ተነስንሶ ዘንጉ በቀስታ ይታሻል፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ይለቀለቃል።

ቀጥሎ ያለው የዚህ መልስ ምርጡ ክፍል ነው። ዘንጉ አጋድሞ ተይዞ ውሃ ይፈስበታል። ውሃው ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ሽፋን ሆኖ ከወረደ ጸድቷል። አንድ ቦታ ላይ ከሸሸ፣ ተሰብስቦ ጠብታ ከሠራ፣ ወይም በመሐሉ ደረቅ ደሴት ከተወ፣ ቅባቱ እዚያው ቦታ ላይ አለና ተመልሶ ይታሻል። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግምትንም ያስቀራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ተከትሎታል፤ ቧንቧ በሚጠፋበት ቀን ዘይት ከነበረበት ቢጫ ጀሪካን የተቀዳ ውሃ አይሁን፣ ጀሪካኑ ብዙ ጊዜ ታጥቦም ከፊቱ ላይ ዘይት ይለቃልና። ከታጠበ በኋላ ዘንጉ ክፍት ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል። ውስጡ ውሃ ከቀረ ኖኩ ሥር ቀስ እያለ ወጥቶ የደረቀውን ያረጥባል።

መልስ 11 የዕቃ ማጠቢያ ሽቦስ አይሻልም ወይ ብሎ ራሱ መለሰ፤ አይሻልም። የብረት ሽቦ ጥቃቅን ብረት ትቶ ይሄዳል፣ ብረቱ በክረምት ይዝጋል። የስፖንጁ አረንጓዴ ሻካራ ጎን ይበቃል፤ ዓላማው ብልጭታውን ማደብዘዝ ብቻ ነው። ቀለሙ ለቆ ነጩ አሉሚኒየም ከታየ ከመጠን አልፏል። መልስ 8ን የጻፈው ሰው እዚህ ላይ በአጭሩ ተስማምቷል። አዲስ ሐሳብ ስላልያዘ ዘልዬዋለሁ።

መልስ 12 ሁሉም ስለ ዘንጉ ሲያወራ ግማሹ ሥራ ተረሳ ብሎ ወደ ላባው ዞረ። ትክክል ነው፤ የተለጠፈ ነገር ሁለት ፊት አለው፣ እስከዚህ ድረስ የተወራው ስለ አንዱ ብቻ ነበር። ላባው ከክንፍ ጫፍ ካሉት ረጃጅሞቹ ይሁን። የላባው ግንድ አንዱ ጎን ሰፊ ቅጠል፣ ሌላው ጠባብ ቅጠል አለው፤ የሚፈለገው ሰፊው ነው። በአዲስ ምላጭ ግንዱ ከቀጭኑ ጫፍ ጀምሮ ወደ ወፍራሙ በመሐሉ ይሰነጠቃል። ከወፍራሙ ከተጀመረ ምላጩ ወደ ቅጠሉ ይስታል። ከዚያ ላባው በሁለት የብረት ማስመሪያ መሐል ተይዞ፣ ግንዱ ብቻ ከታች ወጣ ብሎ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተለጠፈ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ነጩ ስፖንጅማ ክፍል አልቆ ጠንካራው ቅርፊት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲቀር በ180 ቁጥር ይለሰልሳል። ደረቅ መስታወት ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ብርሃን ማለፍ የለበትም።

አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይጨምራል። ሥሩ በአልኮል አንድ ጊዜ ይጠረግና ይደርቃል። ወፍራሙ ጫፍ የፍላጻው ፊት ነው፤ ቅጠሎቹ ወደ ኖኩ ያዘነበሉ መሆን አለባቸው። የፊተኛው ጫፍ እጅ እንዳይቆርጥ ሾጠጥ ተደርጎ ይፋቃል። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም 12.7 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ፣ የአንድ ፍላጻ ሦስቱም ላባዎች በአንድ ቅርጽ ማውጫ ይቆረጣሉ።

መልስ 13 ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፦ ስሜን ተራሮች ላይ የጥንብ አንሳ ላባ ወድቆ ይገኛል፣ ትልቅና ጠንካራ ነው፣ ለምን እሱን አንጠቀምም?

መልስ 14 በዚህ ክር ከተጻፉት ሁሉ የከረረው ነው፤ እኔም ከጎኑ ነኝ። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከፓርክ የሚነሣ ነገር የለም፣ ወድቆ የተገኘም ቢሆን። ከጥንብ አንሳ ዝርያዎች በርካቶቹ ለመጥፋት እጅግ ተቃርበዋል፤ ላባቸው ዋጋ አለው የሚል ወሬ ከተነዛ ወድቆ የተገኘውን የሚለቅም ሰው ነገ አጥምዶ ለመንቀል አይመለስም። መላሹ ይህ ሐሳብ ከክሩ እንዲጠፋ ጠይቋል። አልጠፋም፣ ግን ማንም መልሶ አላነሣውም።

መልስ 15 አየሩን አበረደና የሚያስፈልገውን ተናገረ። በዓለም ላይ ለፍላጻ በብዛት የሚሠራበት የተርኪ ክንፍ ላባ ነው፤ ረጅም፣ ጠንካራና ተለማጭ ነው። የሚያረባ ሰው ካልተገኘ የቤት ዝይ ላባ ከጥንት ጀምሮ ለፍላጻ የኖረ ነው። የአውራ ዶሮ ክንፍ ላባ ይለሰልሳል፣ ያጥራልም፤ ለበዓል ከሚታረደው ትልልቅ አውራ የሚወጣው ለ7 ሴንቲ ሜትር ላባ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ጣና ዳር የሚታዩት የዱር ዝይዎች አይነኩም። ላባው ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ብል እንዳይገባበት በታሸገ ፕላስቲክ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኝና ግራ ይለይ። የቀኝ ክንፍ ላባ የግራው ግልባጭ ነው፣ ቅስቱ ወደ ሌላ ያጋድላል። የቀኝ ላባ የተለጠፈበት ፍላጻ ከተኳሹ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ፣ የግራው በተቃራኒው ይሽከረከራል። በአንድ ፍላጻ ላይ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንዱ የጀመረውን ሽክርክሪት ሌላው ይቃወመዋል። ሁለት ሣጥን አዘጋጅቶ ላባው ሳይሰነጠቅ በፊት መለየት ነው፤ ከተሰነጠቀና ከተቆረጠ በኋላ መለየቱ ዓይን ያደክማል።

መልስ 16 የመልስ 1ን የክላምፕ ጥያቄ አንሥቶ ወደ መለጠፉ ገባ። ጎንደር ውስጥ የላባ መለጠፊያ ጂግ ተዘጋጅቶ የሚሸጥበት ሱቅ ባይኖርም አናጺ ሊሠራው ይችላል፦ ዘንጉን የሚይዝ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ጉማጅ፣ በ120 ዲግሪ ልዩነት የሚቆም መዞሪያ፣ ላባውን የሚይዙ ሁለት ቀጭን የብረት ማስመሪያዎችና የወረቀት መያዣ ክሊፕ። ከሦስቱ አንዱ፣ መሪው የሚባለው ላባ፣ ከኖኩ ስንጥቅ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። የላባው የኋላ ጫፍ ከኖኩ ስንጥቅ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ የተኳሹ ጣት ይነካዋል።

ለ7.1 ሚሊ ሜትር ዘንግ በብዛት የተጣመመ ክላምፕ አይሆንም፤ ቀጥ ያለው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰር። ዘንበል የሚለውም እንደ ክንፉ ነው፣ የላባው ሻካራ ፊት ነፋሱን እንዲቀበል። ኮላ ከመቀባቱ በፊት ላባው በደረቁ ዘንጉ ላይ ይጋደምና ከኋላው የስልክ መብራት ይበራል። በሥሩና በዘንጉ መሐል ብርሃን ሾልኮ ከታየ፣ እዚያ ላይ ኮላ ድልድይ ይሠራል እንጂ አይይዝም፤ ማዕዘኑ ይቀነስ ወይም ሥሩ እንደገና ይፋቅ። ይህችን አንዲት ፍተሻ የሚዘሉ ብዙ ናቸው።

ኮላው ከስፌት ክር ያልወፈረ መስመር ሆኖ በላባው ሥር ላይ ብቻ ይቀባል። ሱፐር ግሉ ከሆነ ጄል የሚባለው ዓይነት ለማስተካከል ፋታ ይሰጣል፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። ለላባ ተብሎ የሚሠራው፣ ውስጡ ያለው ሟሟ ፈሳሽ ሲተን የሚደርቅ ኮላ ከተገኘ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ክላምፕ ውስጥ ይቆያል፣ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይተኮስበትም።

ጠያቂው የጠረጠረውን ክረምትም ይኸው መልስ አብራርቷል። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ከአየርና ከፊቱ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ተዋሕዶ ነው። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር ይዘገያል፤ ያኔ መታገሥ እንጂ ኮላ መጨመር አያስፈልግም። በክረምት ይፈጥናል፣ ዙሪያውም ነጭ ጉም የለበሰ ይመስላል። የሟሟው ኮላ ግን በተቃራኒው ነው፤ ሟሟው ሲተን ፊቱ ስለሚቀዘቅዝ የክረምቱ እርጥበት ያርፍበታል፣ ኮላው ወተት መስሎ ይደክማል። ጠያቂው ዘንድ ላባውን ያረገፈው ዝናቡ ኮላውን አሟሙቶት አይደለም። ግሊሰሪን ውሃ ስለሚስብ፣ እርጥበቱ በዚያው ስስ ሽፋን ገብቶ ኮላውን ከዘንጉ ለየው። እኔ ይህን ማብራሪያ ከመልስ 5 ጋር አገናዝቤ ስመለከተው አንድም የሚጋጭ ነገር አላገኘሁበትም።

መልስ 17 አጭር ግን አስፈላጊ ነው። ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ወደ ላባው ቅጠል ሽቅብ ይሳባል፤ የነካው ቅጠል ደርቆ ይሰባበራል። የፈሰሰውን ደግሞ በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ መጥረግ አደጋ አለው፤ ሱፐር ግሉ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ቆዳ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ሊያጨስም ይችላል። በፕላስቲክ ቁራጭ መግፈፍ ይሻላል።

መልስ 18 ከርዕሱ ወጣ አለ፤ የተጣመመ ላባ በጀበና እንፋሎት ይስተካከላል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 19 ይስተካከላል፣ ግን ውስጡ ውሃ ብቻ ይሁን አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ለላባ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እንፋሎቱ ላይ እያዟዟሩ መያዝ ነው። ሥሩ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ እንፋሎቱ ቅጠሉን ብቻ ያግኝ።

መልስ 20 አሉሚኒየም ጊዜው አልፎበታል፣ ካርቦን ግዙ ብሎ ገባ። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ የተጠየቀው ሌላ ነው ብለው መለሱለት፣ ነገሩም እዚያው ቆመ። ቁጥራቸው 21 እና 22 ነው።

መልስ 23 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። አሁን የሚያሳስበው ገና ያልረገፉት ናቸው፤ ይተዋቸው ወይስ ይላጣቸው?

መልስ 24 ሁሉም ይላጡ ይላል። የተጸዱት በዚያው ሳኒታይዘር ስለሆነ ዛሬ የያዘው ነገ ይለቃል፤ በበረራ ላይ ላባ የጣለ ፍላጻ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የሚላጥበት መንገድም ተጽፏል፦ የቢላዋ ጀርባ በዝቅተኛ ማዕዘን ይገፋል፣ ስለቱ አይነካም፤ አሉሚኒየም ላይ የተፈጠረ ጭረት ስንጥቅ የሚነሣበት ቦታ ይሆናል። የቀረው ሱፐር ግሉ በአሴቶን የራሰ ሶፍት ተጠቅልሎበት ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይለሰልሳል። እሳት ወይም ላይተር ግን አይሆንም። የፍላጻ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከሚሠራባቸው ቅይጦች አንዱ የሆነው 7075 ጥንካሬውን የሚያገኘው በ120 ዲግሪ ገደማ በማቆየት ነው፤ ከዚያ በላይ የጋለበት ቦታ እየላላ ይሄዳል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይበትም። ሲላጥ ስንጥቅ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ከታየ ያ ዘንግ ላባ አያስፈልገውም፤ ይጣል።

መልስ 25 የመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ አንድ ፍላጻ ብቻ ተሠርቶ፣ በማግስቱ እያንዳንዱ ላባ በአውራ ጣት ወደ ጎን ተገፍቶ ይፈተን፤ ሥሩ ሳይነቃነቅ ቅጠሉ ብቻ ከተጣጠፈ ሌሎቹ ይቀጥሉ። በፊትና በኋላ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ኮላ ይጨመር። ከእጅ ላይ ወይም ከቀስቱ መደገፊያ ላይ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ የፊቱ 5 ሚሊ ሜትር በቀጭን የስፌት ክር ተጠምጥሞ ክሩ በኮላ ይርሳል፤ የክሩ መቋጫ ከላባው ፊት እንጂ ከላዩ አይሁን።